ጥጥ የምትጠይቀው ሴት

መድኃኒት ወደማድልበት መስኮት በየሦስት ወሩ ትመጣለች። ግራ ጆሮዋ ስለማይሰማ ቀኙን ታስጠጋልኛለች። "ዶክተር" ትለኛለች፤ አይደለሁም ብላት ብላት አልተወችም። ባሏ ደጅ ደጁን የሚል ሰው ነው። በኮንዶም እንጠቀም ያለችው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ጆሮዋም በጥፊው የሄደው ያን ቀን ነው። ስለዚህ ኤች አይ ቪ እንዳይይዛት በየቀኑ የምትውጠውን ክኒን እሰጣታለሁ።

ሁልጊዜ ጥጥ ትጠይቀኛለች። ብልቃጡን እዚያው ከፍታ ጥጡን ክኒኖቹ ላይ ትጠቀጥቅና ቀኝ ጆሮዋ ጋ ይዛ ትነቀንቀዋለች። ድምፅ ከሌለው ፈገግ ትላለች።

"ቦርሳዬን መነቅነቅ የባሌ ዐመል ነው" አለችኝ አንድ ቀን፣ ስለ ሕፃን ልጅ የምታወራ ይመስል።

ዛሬ ጥጡን አዘጋጅቼ ጠበቅኋት።

"ተወው ዶክተር፣ እህቴ ጋ ገብቻለሁ። ብትለያዩም ይህችን ወር ጨርሺ ስለተባልኩ ነው የመጣሁት።"

"ቢንኮሻኮሽስ?"

"ይንኮሻኮሻ! እዚያ ቤት እንኳን ክኒኑ፣ እኔም ጮክ ብዬ እስቃለሁ።"

ብልቃጡን ቦርሳዋ ውስጥ ጥላ ወጣች። ጥጡን በእጄ እንደያዝኩ፣ እስከ በሩ ድረስ በየእርምጃዋ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁት።