ጥለቱ ላይ የሰፋሁት መብራት

አሥራ ስድስት ዓመቴ ላይ ነጠላ ላይ መብራት እሰፋ ነበር። ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ብርማ ክር አለ፤ እንደማንኛውም ክር በመርፌ ይሰፋል፤ ከምስር ፍሬ የማይበልጡ አምፖሎችን እርስ በርስ ያያይዛል። በዚያ ክር የነጠላውን ጥለት እየተከተልኩ፣ ቢጫው ላይ ቢጫ፣ አረንጓዴው ላይ አረንጓዴ አምፖል ስደረድር፣ ውጭ አገር፣ ሃርልስደን በሚባል ሰፈር በነበረው ቤታችን መስኮቱ ሥር ካለችው ጠረጴዛዬ ሳልነሳ ይመሻል። የትምህርት ቤታችን የቴክኖሎጂ ኤግዚቢሽን እየደረሰ ነበር። ሌሎቹ ሮቦት ሲያንቀሳቅሱ እኔ የሚያበራ ነጠላ ለብሼ ልገባ ነው። ጉራዬን አልቻልኩትም ነበር።

እናቴን ያስፈራት አምፖሉ ሳይሆን ባትሪው ነው። ከተበላሸ ስልክ ያወጣሁት ጠፍጣፋ ባትሪ ነው፤ ነጠላው ጫፍ ላይ ትንሽ ኪስ ሰፍቼ እዚያ አስቀመጥኩት። እናቴ የፈራችው ደግሞ በምክንያት ነበር። በዚያው ዓመት ብርዱ ሲጀምር ከእኛ በታች ያለ ጎረቤት የኤሌክትሪክ ብስክሌቱን ባትሪ ቻርጅ ሲያደርግ ቤቱ ተቃጠለ። ሰው አልሞተም። እናቴ ግን ጭስ በሞላው ደረጃ በፒጃማዬ እየጎተተች ስታወርደኝ አያያዟ እንዲህ እንዳይመስላችሁ፣ የጣቶቿ ምልክት ክንዴ ላይ ሰንብቷል። ከዚያ በኋላ እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው። ከቤት ስንወጣ ሶኬት ሁሉ ትነቅላለች፤ አንድ ጊዜ ፍሪጁንም ነቅላው ሄዳ ሥጋችን ተበላሽቷል። አውቶቡስ ላይ ሆና «ምድጃውን ቼክ አድርገሻል?» ብላ ትደውላለች። መጀመሪያ እስቅባት ነበር። እየቆየ ፍርሃቷ ወደ እኔም ተጋባ፤ ብቻዬን ስሆን ተነስቼ ምድጃውን አየው ጀመር።

«ስሚ» አለችኝ አንድ ቀን ጠረጴዛዬን በጣቷ እያሳየች፣ «ይሄ ነገር ሲጨስ ያየሁ ዕለት ከነምናምኑ ጠርጌ ነው የምጥለው። እግዚአብሔርን!»

«እማዬ፣ ኢትስ ሴፍ። ቴስት አድርጌዋለሁ እኮ።»

«ያም ሰውዬ ቴስት አድርጎ ይሆናል።»

እንደማታደርገው ባውቅ ኖሮ አልጨነቅም ነበር። እናቴ አለች ማለት አደረገች ማለት ነው። ትምህርት ቤት አፌን የማልከፍት ልጅ ነበርኩ፤ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ አማርኛዬ ይሳቅበታል፤ ሰው የሆንኩት እዚያች ጠረጴዛ ላይ ብቻ ነው። ፒንሳዬን፣ ከአሮጌ ሬዲዮ የፈታኋቸውን ሽቦዎች፣ የምበይድበትን ትንሽ ብረት ጥቁር የቆሻሻ ከረጢት ውስጥ ሆነው በሕልሜ አያቸው ነበር።

የኤግዚቢሽኑ ዕለት ጠዋት ታጥቤ ስወጣ እናቴ ከክፍሌ የጸበል ጠርሙሷን ይዛ ስትወጣ አገኘኋት። ይሄ ለእኛ ቤት አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ መኪና ሲገዛ፣ ሰው ሲታመም፣ ፈተና ሲኖር ጸበል ይረጫል። «በስመ አብ ወወልድ» እያለች ፊቴ ላይ ረጨችልኝ፤ አሜን አልኩ። ክፍሌ ውስጥ ምን ስታደርግ እንደነበር ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም።

«በይ ልበሺውና ልየው» አለች።

ነጠላውን አጣፍቼ ለበስኩና ማብሪያውን ተጫንኩት። ከትከሻዬ እስከ ጉልበቴ ቦግ አለ። እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። «ውይ! ውይ የኔ ልጅ!» የሠራሁትን ነገር እንዲህ ስታየው ያ የመጀመሪያዋ ነው፤ ደስታዬን እንዴት ልንገራችሁ።

ከዚያ መብራቶቹ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመሩ። የጥፍር ቀለም የሚመስል ጣፋጭ ሽታ ሸተተኝ። ጎኔ ላይ ሞቀኝ፤ ወዲያው ፈጀኝ። ቁልቁል ሳይ ኪሱ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ጭስ ይተፋል። ምን መደረግ እንዳለበት ከእኔ በላይ የሚያውቅ እዚያ ቤት አልነበረም። ግን ክው ብዬ ቀረሁ፤ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ጥጥ ተጠምጥሞብኛል፤ ጥጥ እንዴት እንደሚነድ ደግሞ አውቃለሁ። እሞታለሁ ብዬ አሰብኩ።

እናቴ አልጮኸችም። ነጠላውን በአናቴ ላይ መንጭቃ አወለቀችው፣ ጠቅልላ ይዛ ሮጠችና መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ወረወረችው። ሲፏጭና ሲነድ ሰማሁት። ውሃውን ለቀቀችበት፣ በሩን ዘጋችና እኔን እየገፋች ኮሪደሩ ላይ አስቀመጠችኝ። መዳፏ ተቃጥሎ ቆዳው ተገፍፏል።

በተከፈተው በር ጠረጴዛዬ ይታየኛል። ፒንሳው ላይ፣ ሽቦው ላይ የውሃ ጠብታ አለ፤ ነጠላው የነበረበት ቦታ ርሷል። ውሃ የገባበት ባትሪ ይግላል፣ ይነዳል። ያኔ ገባኝ።

እናቴ በደህና እጇ አማተበች። «አየሽ? ጠዋት ጸበል ባልረጭበት ኖሮ ዛሬ አጥቼሽ ነበር። ባትሪውን ስለምፈራው ኪሱ ላይ ደህና አድርጌ ነው ያፈሰስኩበት።»

ልነግራት አልኩና የተቃጠለ መዳፏን ሳይ ተውኩት።

«ጠረጴዛሽ ይቆይልሽ» አለች። «ያተረፈሽ አምላክ ይጠብቅሻል። ግን ከእንግዲህ ጸበል ሳልረጭበት አንዲት ነገር አትሠሪም። እሺ በይኝ።»

«እሺ እማዬ» አልኩ።

ዛሬ ስትሪትሃም በሚባል ሌላ ሰፈር ብቻዬን እኖራለሁ፤ እንጀራዬም ይኸው ሽቦና ባትሪ ሆኗል። የሥራ ባልደረቦቼ ማንኛውንም ነገር ውሃ እንዳያስገባ አድርጌ ስደፍነው ጥንቃቄዬን ያደንቁልኛል። እናቴ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጠርሙሷን ይዛ ትመጣለች። ጠባሳ ያለበትን መዳፏን ባየሁ ቁጥር ልነግራት እነሳለሁ፤ መልሼ እተወዋለሁ። ብነግራት ከዚያ በኋላ ልጇን በምን ትጠብቃለች? ስለዚህ ወደ ሥራ ክፍሌ አስገባትና ኮሪደሩ ላይ ቆሜ እጠብቃታለሁ። ጨርሳ እስክትወጣ ድረስ እፈራለሁ።