የባልጩት ጉድጓድ

ባለፈው በሃያ ሰባት ቀራንዮ መድኃኔ ዓለምን ልሳለም ብዬ ከዓለም ባንክ ሰፈር በሚኒባስ ተነሣሁ። መንገዱ ተቆፋፍሮ ስለነበር ረዳቱ "ከዚህ በኋላ በእግር ነው፣ ውረዱ!" ብሎ ከፌርማታው በፊት አራገፈን። ነጠላዬን ሰብሰብ አድርጌ በጭቃው ዳር ዳር ስሄድ፣ ለሕንፃ መሠረት የተቆፈረ ትልቅ ጉድጓድ አጠገብ አንድ ነገር አብለጨለጨብኝ። ከተቆለለው አፈር ላይ ጥቁር ስብርባሪ ተበትኗል። ጎንበስ ብዬ አንዱን ላነሣ ስል አንድ ወጣት ፎርማን ከወዲያ ጮኸብኝ።

"እማማ፣ ይተዉት! የጠርሙስ ስባሪ ነው፣ ይቆርጥዎታል!"

"መቁረጡንስ ይቆርጣል፤ ጠርሙስ ግን አይደለም" አልኩት።

ሳቀ። አሮጊቷ ጃጅታለች ብሎ ይሆናል። እኔ ግን አውራ ጣቴን በጠርዙ ላይ ቀስ አድርጌ አሳለፍኩት፤ እዚያው ጭቃው ውስጥ እንደቆምኩም ሐሳቤ ዘጠነኛ ክፍል ይዞኝ ገባ። ቅዳሴውም አመለጠኝ፤ መድኃኔ ዓለም ይቅር ይበለኝ።

ያኔ ቀራንዮ ከተማ ነው እንዳይሉት ገጠር፣ ገጠር ነው እንዳይሉት ከተማ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑን አለፍ ሲሉ የገብስ ማሳ፣ ከማሳው በታች ባሕር ዛፍ፣ ከባሕር ዛፉ በታች ወንዝ። ክረምቱ ሲወጣ ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከወንዙ ተነሥቶ እስከ ደጃችን ይመጣል። ያን ጊዜ አባቴ አይታይም፤ ድምፁ ብቻ ከጉሙ ውስጥ ይሰማል። ሸርር፣ ሸርር፣ ሸርር። ትንሽ ዝም ይልና ቃ፣ ቃ፣ ቃ። ከዚያ እንደገና ሸርር። እኔ በዚያ ድምፅ ነው የምነቃው፤ ዛሬም አንዳንድ ጠዋት በእንቅልፍና በንቃት መሀል የምሰማው ይመስለኛል።

አባቴ ቆዳ ፋቂ ነበር። ይኸው፣ አልኩት። ይቺን ቃል ከአፌ ለማውጣት ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ከሆሳዕና በኩል የመጣ ሰው ነው፤ ሙያው የአባቱም የአያቱም ነው። የበሬ ቆዳ በእንጨት ላይ ወጥሮ፣ ፍቆ፣ አልፍቶ፣ ሰው የሚተኛበት ቁርበት ያወጣል። የሚፍቀው ታዲያ በብረት አይደለም፤ በድንጋይ ነው። ባልጩት የሚባለው፣ ጥቁር ሆኖ እንደ መስታወት የሚያበራው ድንጋይ፣ ከስምጥ ሸለቆው በጆንያ ይመጣለታል። እሱን ፈልጦ፣ ጠርዙን አስተካክሎ፣ በእንጨት እጀታ ላይ በሙጫ ያጣብቀዋል። "ብረት ቆዳ ይበሳል፤ ባልጩት ግን ያውቅበታል" ይል ነበር። ሲደነዝዝበት ጫፉን ቃ፣ ቃ አድርጎ ይስለዋል።

ከስለቱ የሚረግፈው ስብርባሪ ከምላጭ ይብሳል። ስለዚህ አባቴ የሰውም የከብትም እግር እንዳይቆረጥ ብሎ ወንዙ ዳር ጉድጓድ ቆፈረለት። ስብርባሪውን በአሮጌ ጣሳ ለቅሞ እዚያ መጣል የኔ ሥራ ነበር። አንዲት ቅንጣት መሬት ላይ ካየ አለቀልኝ፤ "የሰው ልጅ እኮ በዚህ ያልፋል!" ብሎ ይቆጣኛል። እናቴም የጓዳ ጥራጊዋን እዚያው ነበር የምትደፋው።

ሰፈሩ ቁርበቱን ይወዳል፣ ሠሪውን አይወድም። አባቴ በለፋበት ቁርበት ላይ ለሽ ብሎ የሚተኛ ሰው እኛ ቤት ውሃ ቢቀርብለት "አልጠማኝም" ይላል። ይሄን እያየሁ ስላደግሁ፣ አንድ ሰዓት በእግር ተጉዤ ኮልፌ ትምህርት ቤት ስገባ ለጓደኞቼ አባቴን የቆዳ ነጋዴ አደረግኩት። ውሸት እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ቁርጭምጭሚቴ ድረስ ብቻ ነበር።

የታሪክ አስተማሪያችን መምህር ታፈሰ ይባላል። ቀጭን፣ አንድ ኮት ብቻ ያለው፣ ኮቱም ሁልጊዜ ጠመኔ የነካው ሰው። ማስተማር ሲጀምር ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል፤ ያን ጊዜ አስቸጋሪው ሙሉጌታ እንኳ ዝም ይላል። ሙሉጌታ የክፍላችን ቀልደኛ ነው፤ ምላሱ የማይነካው ሰው የለም።

"እስቲ አስቡት" ይላል መምህር ታፈሰ። "ሰው ስንትና ስንት ሺህ ዓመት ለቅሞ አደረ። ፍሬ ለቀመ፣ ሥር ማሰ፣ አደነ። ማታ የሚበላውን ጠዋት አያውቅም። ከዕለታት አንድ ቀን አንዲት ሴት፣ ሴት ናት ያልኩት እኔ ነኝ፣ ከጓሮዋ ጥራጊ ላይ የጣለችው ፍሬ በቅሎ አየች። ቆማ አየችው። በዓመቱ ሆን ብላ ጣለች። እርሻ የሚባለው ነገር ምናልባት ከጥራጊ ላይ ነው የተጀመረው።"

ያቺን ሴት ዓይኔን ጨፍኜ አየኋት። የእናቴ መልክ ነበራት። እናቴ ክረምት ሲጠና፣ ቤት ያለው እህል ሲያልቅ፣ እጇን በጨርቅ ጠቅልላ ሳማ ትለቅማለች፤ አጋም ሲደርስ ከእሾህ ትሻማለች፤ ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ ከጓሮዋ ጎመን ትቀነጥሳለች። አባቴ በድንጋይ ይሠራል። ከጎረቤት ሬዲዮ ይሰማል። መምህር ታፈሰ ጥቁር ሰሌዳው ላይ በመስመር የለያያቸው ዘመናት ሁሉ እኛ ግቢ አብረው ይኖሩ ነበር። ይሄን እጄን አውጥቼ ልናገር አማረኝ፤ ግን በምን አፌ?

መምህሩ ይወደኝ ነበር። "ዘነበች፣ አንቺ ዩኒቨርሲቲ ትገቢያለሽ" ብሎ በክፍሉ ፊት ተናግሯል። እኔን እንዲያ ያለኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም፤ ለሱ ስል እሳት ብገባ ደስ ይለኝ ነበር።

ጥቅምት ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ የወንዙን ዳር ይዘን እንድንሄድ ይዞን ወጣ። ገብሱ ቢጫ ሆኗል፤ አየሩ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ይላል። እያወራን ስንሄድ ወደየት እየሄድን እንደሆነ ልብ ያልኩት ከደረስን በኋላ ነው። መምህር ታፈሰ ድንገት ቆመ። ከዚያ በዚያች አንዲት ኮቱ ጭቃው ላይ ተንበረከከ።

"ቅረቡ! ቅረቡ፣ ግን አትርገጡ!"

የኛ ጉድጓድ ነው። ባልጩቱ በፀሐዩ ያብለጨልጫል፤ ከመሀሉ የዱባ ሐረግ በቅሎ ተንሰራፍቷል።

"የድንጋይ መሣሪያ ነው" አለ፣ አንዱን ስባሪ አንሥቶ። "የሰው እጅ የፈለጠው። አሥር ሺህ ዓመት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ! ዱባውማ የዘንድሮ ነው፤ ግን አያችሁ? ጥራጊ ላይ!"

በእጁ የያዘውን ስባሪ አወቅሁት። ከትናንት ወዲያ የደፋሁት ነው። ዱባውም ከእናቴ ጓዳ የወጣ ፍሬ ነው።

"ይህን የሠሩ ሰዎች ጠፍተዋል" አለ መምህር ታፈሰ። "ይህን ጥበብ የሚያውቅ አንድም እጅ ዛሬ በምድር ላይ የለም።"

እኔ ጠዋት አውራ ጣቱን በጨርቅ አስሮ ቆሎ ሲቆረጥም የተውኩት አባቴ ትዝ አለኝ። ብናገር ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የፋቂ ልጅ ነኝ። ዝም ብል ደግሞ መምህሬ ለሙዚየም ሰዎች ደብዳቤ ሊጽፍ ነው፤ መጥተው ሲያዩ ይስቁበታል። ስባሪዎቹን በመሐረቡ ቋጥሮ እንደ ጨቅላ ልጅ አቅፏቸው ሲመለስ፣ ከኋላ ከኋላው ተከተልኩት።

በዚያ ሳምንት ጣሳውን አልነካሁም። አንድ ቀን ሆዴን አመመኝ፣ ሌላ ቀን ጥናት አለብኝ አልኩ። ተማሪ ቢያየኝስ? ጣሳው እስከ አፉ ሞላ። አባቴም አየት አድርጎት አለፈ።

ቅዳሜ ጠዋት መምህር ታፈሰ ገመድና ችካል አስይዞ ቦታውን ልናጥር ወሰደን። ጉሙ ገና አልተነሣም ነበር፤ እርስ በርሳችን እንኳ በደንብ አንተያይም። ችካሉን እየመታን ሳለ የእግር ኮቴ ሰማሁ። ሳላየው አወቅሁት። አባቴ ጣሳውን ይዞ ከጉሙ ውስጥ ወጣ።

"አባት፣ እባክዎ እዚህ ቆሻሻ አይጣሉ" አለው መምህሩ በትሕትና። "ጥንታዊ ቦታ ነው።"

"የቱ?"

"ይሄ ጉድጓድ።"

አባቴ ገመዱን አየ፣ ችካሉን አየ፣ ያን ሁሉ ተማሪ አየ። ከዚያ ፊቱ ተለዋወጠ። "እኔ ነኝ የቆፈርኩት" አለ። "ሰው እንዳይቆረጥ ብዬ ነው። ምነው፣ ሰው ተቆረጠ እንዴ?"

"ፋቂ ነው እኮ!" አለ ሙሉጌታ በሹክሹክታ። ሳቅ አፈኑ።

የአባቴ ዓይን በተማሪዎቹ ላይ አንድ በአንድ ሲያልፍ እኔ ጋ ደረሰ። አንገቴን ደፋሁ። የሳምንቱ የሆድ ሕመም ምን እንደነበር በዚያች ቅጽበት ገብቶታል፤ አባቴን አውቀዋለሁ። ቀና ስል ዓይኑ እንደማያውቀኝ አልፎኝ ወደሚቀጥለው ልጅ ሄዶ ነበር።

መምህር ታፈሰ ከጣሳው አንድ ስባሪ፣ ከመሐረቡም አንድ አወጣና ጎን ለጎን ያዛቸው። ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ሳቀ፤ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። "ተማሪዎች፣ መምህራችሁ ተሳስቷል" አለ። "ጠፍተዋል ያልኳችሁ ሰው ይኸው ቆመው ያናግሩናል።" ወደ አባቴ ዞሮም "አባት፣ ያሳዩናል?" አለው።

አባቴ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከኪሱ ትንሽ ብረትና አንድ ድብልብል ባልጩት አወጣ። አገላብጦ አየው፤ አባቴ ድንጋይ ሳያይ አይመታም። ከዚያ አንዴ ብቻ መታው፣ አንድ ስስ ጥቁር ስባሪ እጁ ላይ ወደቀ። ጠርዙን ቃ፣ ቃ፣ ቃ እያደረገ ሲያስተካክል ጉሙ ቀስ እያለ ይነሣ ነበር፤ ፀሐይ ድንጋዩ ውስጥ ስትገባ ጥቁሩ ቡና ዓይነት ይሆናል። ያ ሙሉጌታ ራሱ ከሁሉ ፊት ተንበርክኮ "ለኔም አንድ ይሥሩልኝ" እያለ ይለምን ጀመር።

ያን ጊዜ "አባቴ ነው" ብል ኖሮ የሚስቅብኝ አልነበረም። እንዲያውም ይቀኑብኝ ነበር። ግን አላልኩም። አሁን የፈራሁት ፋቂ መባልን አልነበረም፤ እስካሁን ዝም ማለቴ እንዳይታወቅብኝ ነው። አይ እኔ! ሰው ከመጀመሪያው ኀፍረት ይልቅ በሁለተኛው ነው የሚታሰረው።

"ሙያውን የሚወርስ ልጅ አለዎት?" ሲል መምህሩ ጠየቀው።

አባቴ የጠርዙን ብናኝ እፍ አለ። "ከኔ ጋር ያበቃል" አለ። "እንዲያበቃ ነው የምለፋው።" የተጠናቀቀችውን የድንጋይ መፋቂያ ለመምህሩ እየሰጠው፣ "ለጎበዝ ተማሪዎ ይስጡልኝ" አለው።

መምህር ታፈሰ ምንም አላወቀም። ቀጥ ብሎ መጣና ለኔ ሰጠኝ። "ዘነበች፣ አመስግኛቸው።"

"እግዜር ይስጥልኝ" አልኩ። ለገዛ አባቴ፣ እንደ ማንም መንገደኛ።

"እደጊ" አለኝና ጣሳውን ጉድጓዱ ውስጥ ደፍቶ ወደ ቤት አቀና።

ማታ እራት የዱባ ወጥ ነበር። ቢሰድበኝ፣ ቢመታኝ እያልኩ ጠበቅሁ። አባቴ ጠቅልሎ ጎረሰና "አስተማሪሽ ጨዋ ሰው ነው። ስሕተቱን በሰው ፊት አመነ" አለኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ጣሳውን ድፊልኝ ብሎኝ አያውቅም፤ ራሱ ነበር የሚደፋው።

ዩኒቨርሲቲም ገባሁ፣ አስተማሪም ሆንኩ። አባቴ በስተመጨረሻ ታሞ በተኛበት "ያቺ ድንጋይ አለች?" ሲል ጠየቀኝ። በጥጥ ጠቅልዬ ከሻንጣ ውስጥ ነበር የማስቀምጣት። አውራ ጣቱን በጠርዟ አሳለፈ።

"አልደነዘዘችም" አለ። መልሶ እየሰጠኝም "አልሠራሽባትማ" አለኝ።

"አባባ፣ ያን ቀን እኮ..." ብዬ ጀመርኩ። ዕድሜ ልኬን ያዘጋጀሁት ንግግር እንባ ሆኖ ቀረ።

"ተይው" አለኝ። "ጉም ነበር። ማን ማንን ያያል?"

እንግዲህ ይሄን ሁሉ እያሰብኩ ነው ጭቃው ውስጥ የቆምኩት። ፎርማኑ ትቶኝ አልሄደም፤ ቀርቦ "ጠርሙስ ካልሆነ ታዲያ ምንድን ነው?" አለኝ። ሠራተኞቹም አካፋቸውን ተደግፈው ያዩኛል፤ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሰውም ቆሟል።

"ባልጩት ነው" አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ። "የፈለጠው አባቴ ነው። ቆዳ ፋቂ ነበር። እዚህ የጣልኩት ደግሞ እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ምን እናድርገው፣ እማማ?"

"ሠራተኞችህ በደንብ ጫማ ያድርጉ፤ አፈሩንም መንገድ ላይ እንዳትደፉት። የሰው ልጅ በዚህ ያልፋል።"

ስመለስ አንድ ዱባ ገዛሁ። ቤት ገብቼ ሻንጣውን ከፈትኩና መፋቂያዋን ከጥጧ አወጣኋት። ቢላ እያለልኝ የዱባውን ልጣጭ በሷ ፋቅሁት፤ ሸርር፣ ሸርር። ወለሉ ላይ የረገፈ እንዳይኖር አጎንብሼ ለቀምኩ። ከዚያ ወዲህ ድንቹንም ካሮቱንም በሷ ነው የምልጠው። ልጆቼ "እማዬ፣ ምን ሆነሻል?" ይሉኛል።

ዛሬ ጠዋት ጠርዟን በአውራ ጣቴ ዳሰስኩት። መደንዘዝ ጀምራለች።