መምህር ደምሴ እና ብቸኛው ዜኖን

የመምህር ደምሴ ቱሉን ማረፍ የነገሩኝ ማክሰኞ ይሁን ረቡዕ በትክክል አላስታውስም። ጫንጮ፣ ልጄ ዘንድ ነበርኩ። መርዶው ሲደርሰኝ ጋቢዬን እያጣጠፍኩ እንደነበር ብቻ አውቃለሁ። ሰበታ ስገባ ቀብሩ አልፏል። አፈር ሳላለብሳቸው መቅረቴ ስለሚቆጨኝ ይህችን ለምታውቋቸው ሁሉ እጽፋለሁ።

እኔ እርሳቸው በሚያስተምሩበት የሰበታ ትምህርት ቤት የሳይንስ ክፍሉን እጠርግ፣ ብርጭቆዎቹን አጥብ ነበር። መምህር ሲያስተምሩ መጥረጊያዬን ይዤ ከኋላ እቆማለሁ፤ አንድም ቀን ውጡ ብለውኝ አያውቁም። ላምባ ውስጥ ከሚቀመጠው ሶዲየም እንደ ሳሙና በቢላ ቆርሰው ውሃ ላይ ሲጥሉት፣ እየተንጣጣ ይሯሯጣል፤ ተማሪው ይሸሻል። ከዚያ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ በቀጭን ዘንግ እየጠቆሙ፣ «በግራ ዳር ያሉት ኤሌክትሮናቸውን ለመስጠት ይቸኩላሉ። ወደ ቀኝ ያሉት፣ እንደ ክሎሪን፣ ለመቀበል ይቸኩላሉ። ሶዲየምና ክሎሪን ሲገናኙ ወጣችን ውስጥ የምንጨምረው ጨው ይሆናሉ። መጨረሻ ላይ ያሉት፣ እነ ዜኖን፣ ግን ሞልቶላቸዋል፤ ከማንም አይዋሃዱም» ይሉ ነበር።

ባለቤቴ ጫልቱ ስትሞት ቤቴን ዘጋሁ። ለቅሶ ደራሹ ከተበተነ በኋላ ሥራም ቀረሁ፤ ላንኳኳም ሰው አልከፍት አልኩ። መምህር ከትምህርት መልስ እየመጡ፣ ከበሩ ውጭ ሆነው «ኦቦ በቀለ፣ አካም ጅርቱ?» ብለው በኦሮምኛ ደህንነቴን ይጠይቃሉ። አልከፍትላቸውም። ደጃፌ ላይ ትንሽ ተቀምጠው ይሄዳሉ።

አንድ ቀን ሰላምታውን ትተው፣ «ኦቦ በቀለ፣ ለካ ተሳስቼ ኖሯል» አሉ።

«ምኑን?» አልኩ፣ በሩን ሳልከፍት።

«ዜኖንን ነዋ። ከማንም አይዋሃድም ስል ሰምተውኝ የለ? ውጭ አገር ያሉ ሊቃውንት ከሌላ ጋር አዋሃዱት አሉ፤ መጽሔት ላይ አነበብኩ። ነገ ተማሪዎቹ ፊት ማረም አለብኝ።»

«ታዲያ ያርሙ። እኔ ምን ላድርግ?»

«ሰንጠረዡ አቧራ ለብሷል። የሚወለውሉት ሰው ደግሞ ዜኖን ነኝ ብለው ተቀምጠዋል።»

ሳላስበው ሳቅ አመለጠኝ። ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረ፤ በሩንም ከፈትኩ። ቤታቸው ወስደውኝ አብረን እራት በላን። በማግስቱ «ያስተማርኳችሁ ስህተት ነበር» ብለው ለተማሪዎቹ ሲናገሩ፣ እርጥብ ጨርቅ ይዤ አጠገባቸው ቆሜ ነበር።

መምህር፣ አሁንም ቤቴን ልዘጋ ዳድቶኝ ነበር። ግን ደጃፌ ላይ ማን ይቀመጥልኛል? ስለዚህ ጠዋት ጠዋት እየወጣሁ ከባለቤትዎ ዘንድ እቀመጣለሁ። እርስዎ በሰላም ይረፉ። ያን በር ያስከፈተኝ ሌላ ማንም አይደለም፤ እርስዎ ነዎት፣ መምህር ደምሴ ቱሉ።