ኦዴል ላይ ቤት የተጠራ ጊዜ

ኦዴል ብራንትሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት የመታገያ ቁምጣው ከኋላ ተቀዶ፣ በሁለት እጁ መቀመጫውን ሸፍኖ ወደ ስፌት ክፍሌ ሲገባ ነው። መቶ ሃያ ኪሎ የሚመዝን ሰው እንደዚያ ሲያፍር አይቼ አላውቅም።

«ሚስ ሮሳልባ እርስዎ ነዎት? ኮች ትሮመር ነው የላከኝ። እባክዎ አይሳቁብኝ።»

«ሃያ ሁለት ዓመት የታጋይ ሱሪ ሰፍቻለሁ፤ ያላየሁት ነገር የለም። ዙር!» አልኩት።

ዞረ። እየሳቀ ዞረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወዳጆች ሆንን።

የምንሠራበትን ማሠልጠኛ «ታች ቤት» ነው የምንለው። ኦርላንዶ ዳርቻ ያለ ትልቅ መጋዘን ነው፤ ውስጡ ሰባት ሪንግ፣ በገመድ የታጠረ የትግል መድረክ፣ ተደርድሮበታል። ልጆቹ አወዳደቅ፣ አጣጣል፣ ሕዝብ ፊት አነጋገር ይማሩበታል። ትግላችን ለትዕይንት ነው፤ ማን እንደሚያሸንፍ ቀድሞ የሚወሰን መሆኑን እኛም እናውቃለን፣ ተመልካቹም ያውቃል። የወገብ ሕመሙን ግን ማንም ጽፎ አይሰጥህም፤ እሱ እውነት ነው። የበሰለው ታጋይ በቴሌቪዥን ወደሚታየው፣ በየሳምንቱ ከከተማ ከተማ ወደሚዞረው ወደ «ላይ ቤት» ይጠራል። ታች ቤት ያለ ሰው ሁሉ የሚተኛውም የሚነሳውም ያቺን ጥሪ እያሰበ ነው።

ኦዴል የቤል ግሌድ ልጅ ነው፤ የሸንኮራ አገዳ አገር። አባቱ ስኳር ፋብሪካው ውስጥ የእንፋሎት ምድጃው፣ ቦይለሩ ላይ ሠላሳ ዓመት ሠርተው እዚያው ልባቸው ቀጥ አለ። እናቱ ሚስ ኧርሊን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ የቤተ ክርስቲያናቸውን መዘምራን የሚመሩ ሴት ናቸው። እሱም ኮሌጅ ኳስ ሲጫወት ጉልበቱ ተጎድቶ አባቱ የሠሩበት ፋብሪካ ሦስት ዓመት ሠራ። እኛ ጋ የመጣው በሃያ ስድስት ዓመቱ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት መከራ ነበር። መታገሉን ቶሎ ያዘው፤ ማይክራፎን ሲሰጡት ግን ምላሱ ይታሰራል።

«አንተ ሰውዬ፣ ለቅሶ ቤት ነው እንዴ የመጣኸው?» ይጮህበታል ትሮመር። አሠልጣኙ ትሮመር የድሮ ታጋይ ነው፤ አንድ ጆሮው አይሰማም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ይጮሃል። «ተናገር! አስፈራራኝ! እናቴን ስደባት!»

«የእርስዎን እናት አላውቃቸውም፣ ኮች» ይላል ኦዴል በትሕትና። ሰልጣኙ በሙሉ መሬት ላይ ተንከባሎ ይስቃል።

ከዚያ አንድ ሐሙስ፣ አራት መቶ ሰው በሚይዘው ትንሿ አዳራሻችን፣ ተጋጣሚው ሲሰድበው ሲሰድበው ቆየና ማይክራፎኑን ወረወረለት። ኦዴል ድምፁን ሳያነሳ፣ እኔ ጋ ሱሪ ሊያስጠግን ሲመጣ በሚያወራበት ድምፅ፣ «አባቴ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እሳት አጠገብ ቆሞ ነው ያሳደገኝ። ቤት ሲገባ አይጮህም ነበር። እኔም አልጮህም። ና» አለ። አዳራሹ ጣሪያው የሚነሳ እስኪመስል ጮኸ።

«ቦይለር ብራንትሊ» የተባለው ከዚያ ወዲህ ነው። ከወፍራም ሸራ የፋብሪካ ጃኬት ሰፋሁለት። ወደ ሪንጉ ቀስ ብሎ ሲራመድ ሕዝቡ በእርምጃው ልክ መሬቱን በእግሩ ይመታል፤ ማንም አላስተማራቸውም፣ ራሳቸው ያመጡት ነው። ከቤል ግሌድ የቤተ ክርስቲያኑ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ይመጣል። የታች ቤትን የሻምፒዮንነት ቀበቶ ለአሥራ አንድ ወር ያዘ። ትሮመር፣ ሰው አመስግኖ የማያውቀው ትሮመር፣ አንድ ቀን ክፍሌ ገብቶ «ሮሳልባ፣ ይሄኛው ተጠናቋል፤ የሚጨመርበት የለም» አለኝና ወጣ።

በአራተኛው ዓመት፣ መጋቢት ላይ፣ ኦዴል በሬን ሳያንኳኳ ገባ።

«ተጠራሁ!» አለኝ። ከነመርፌዬ አቀፈኝ። ወዲያው እናቱ ጋ ደወለ።

«እማ፣ ተጠራሁ!»

«ማነው የጠራህ? ምን አመመህ?» አሉ ሚስ ኧርሊን። እሳቸው ዘንድ የሚጠራ ጌታ ብቻ ነው። ነገሩ እስኪገባቸው ድረስ በሳቅ ሞትን።

ሳቁ የቆየው አራት ቀን ነው። በአምስተኛው ቀን ከላይ ቤት የልብስ ሥዕል መጣልኝ። ቀይ አጭር ኮት፣ ሁለት ረድፍ የወርቅ ቁልፍ፣ አገጭ ሥር የሚታሰር ክብ ቆብ፣ ነጭ ጓንት። የሆቴል ሻንጣ ተሸካሚ። ከሥሩ የኦዴል ልክ ተጽፏል፤ አዲሱ የመድረክ ስሙም እንዲሁ፦ «ቲፒ»። ጉርሻ ለቃሚው ማለታቸው ነው። ባሮን ቫንስ የሚባል፣ ወርቃማ ጸጉር ያለው ሀብታም መስሎ የሚታገል ታጋይ አላቸው፤ የሱን ሻንጣ ሊሸከም ነው።

ወረቀቱን ይዤ ትሮመር ጋ ሮጥኩ።

«ይሄ በስህተት የመጣ ነው አይደል?»

መነጽሩን አድርጎ አየው። «አይደለም።»

«ጥቁር ልጅ ነው፣ ትሮመር! የነጭ ሻንጣ ተሸክሞ ሳንቲም ሲለቅም ነው ለአገር የሚያሳዩት? ለዚህ ነው አራት ዓመት?»

«አትጩሂብኝ፣ በዚህኛው ጆሮዬ እሰማለሁ።»

«ያን ሁሉ ሥራውን አይተውታል?»

መነጽሩን አወለቀ። «የግጥሚያዎቹን ካሴት ልኬያለሁ። ሁለት ጊዜ ደውያለሁ። ‹እዚህ ማንም ቢመጣ ከዜሮ ነው የሚጀምረው› አሉኝ።»

ከዜሮ! ሕዝብ በእግሩ እየመታ የተቀበለውን ሰው ከዜሮ! አንዱ ኩባንያ በአንድ እጁ አራት ዓመት ያሠለጥናል፣ በሌላ እጁ ያሠለጠነውን ያፈርሳል፤ ሁለቱ እጆች ተገናኝተው አያውቁም። ከኦዴል በፊትም አይቼዋለሁ። እንደ ንሥር የምትዘል ልጅ ነበረችን፤ ላይ ቤት ስትደርስ ዳንኪራ ረጋጭ አደረጓት። በልብሳቸው ነው የማውቀው፤ እኔ የሰፋሁላቸውን ልብስ ለብሰው ይሄዳሉ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቴሌቪዥን ላይ ሌላ ሰው ናቸው።

ኦዴልን «አትልበሰው» አልኩት።

«እምቢ ካልኩ ‹አስቸጋሪ ነው› ይሉኛል፣ ሚስ ሮሳልባ። አስቸጋሪ የተባለ ሰው ሁለተኛ አይጠራም። ሦስት ወር ልልበሰው። ሪንግ ውስጥ ሲያዩኝ ራሳቸው ይቀይሩታል።»

ሰፋሁት። በገዛ እጄ፣ ቁልፉን ሁሉ አንድ በአንድ ሰፋሁት። እስከ ዛሬ የማፍርበት ሥራ ያ ነው።

የመጀመሪያውን የላይ ቤት ግጥሚያውን በቴሌቪዥን ያየሁት ቤል ግሌድ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ነው። ሚስ ኧርሊን ጠርተውኝ ሄድኩ። ሰማንያ ሰው ይሆናል የተሰበሰበው፤ የተጠበሰ ዓሣ፣ የበቆሎ ዳቦ፣ ጣፋጭ ሻይ፣ ከረሜላ የያዙ ሕፃናት። ማንም ስለ ልብሱ አያውቅም። ኦዴል አልነገራቸውም፤ እኔም አፌን ሞልቼ መናገር አልቻልኩም።

ባሮን ቫንስ በሐር ካባ ወጣ። ከኋላው ኦዴል፣ አራት ሻንጣ ታቅፎ፣ ያቺ ክብ ቆብ አናቱ ላይ ተለጥፋ። አዳራሹ ውስጥ የሆነ ሰው ሹካ ሲያስቀምጥ ሰማሁ። ባሮኑ ሳንቲም ጣለ፤ ኦዴል ጎንበስ ብሎ አነሳ። የቴሌቪዥኑ አስተዋዋቂ ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ ኦዴል ሊታገል ሪንግ ገባ፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ በራሱ ሻንጣ ተደናቅፎ ወደቀና ተሸነፈ። ጽፈው የሰጡት ይህንኑ ነው።

ሚስ ኧርሊን ተነሱ። «አጥፉት» አሉ። ጠፋ።

«ሻንጣ መሸከም ነውር አይደለም» አሉ ወደ ሰዉ ዞረው። «የኔ አባት ባቡር ጣቢያ ሻንጣ ተሸክመው ነው ዘጠኝ ልጅ ያሳደጉት። ሰው እንዲስቅ ብለው ግን አንድ ቀን አልተደናቀፉም።» ከዚያ ተቀምጠው ሻያቸውን ጠጡ። እኔ ዓይናቸውን ማየት አቅቶኝ ሳህን ላጥብ ብዬ ወጣሁ።

በአምስተኛው ሳምንት ባሮን ቫንስ ትከሻው ተሰበረ። ባሮን ከሌለ ሻንጣ የለም፤ ሻንጣ ከሌለ ቲፒ ምን ያደርጋል? ምንም። ግን ምናልባት ካስፈለገ ተብሎ በየሳምንቱ በአውሮፕላን ይወስዱታል። ሰባት ወር፣ ሠላሳ አንድ ከተማ። ሄዶ የታጋዮቹ መመገቢያ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል፤ የዕለቱ ዝርዝር ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ስሙ የለም።

«ዛሬ ምን ሠራህ?» እለዋለሁ ሲደውል።

«የዶሮ ሾርባ በላሁ፣ ሚስ ሮሳልባ። ጥሩ ሾርባ ነው።»

ይባስ ብለው ምን እንዳሉ ታውቃላችሁ? «ሕዝቡ አልተቀበለውም።» ሕዝቡ! ሕዝቡ ያየው ቆብ እንጂ ኦዴልን መቼ ነው?

ኦማሃ ላይ ትዕግሥቱ አለቀ። የነገረኝ እሱ ራሱ ነው፤ ሪንግ የሚተክለው ሰውዬም እዚያ ስለነበረ አረጋግጦልኛል። ብራይስ የሚባለው ጸሐፊ፣ ታሪኩን ሁሉ ከሚወስኑት አንዱ፣ ሰላጣውን ይዞ በመመገቢያው ክፍል ሲያልፍ ኦዴል ከመቀመጫው ተነሳ።

«ብራይስ፣ አንድ ጥያቄ። ታች ቤት ከታገልኳቸው ግጥሚያዎች አንዱን አይተሃል?»

«እ… ቁርጥራጭ አይቻለሁ።»

«የትኛውን?»

«ኦዴል፣ ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም…»

«አንዱን ብቻ ንገረኝ። ከማን ጋር?»

ጠረጴዛው ላይ ያሉት ታጋዮች ማኘክ አቆሙ። ብራይስ ሰላጣውን አየ።

«በሳምንት አምስት ሰዓት ፕሮግራም ነው የምንጽፈው» አለ በመጨረሻ። «ጊዜ የለንም።»

«እኔ አራት ዓመት አገኘሁ» አለ ኦዴል። «አንተ አሥር ደቂቃ አጣህ?»

«አስቸጋሪ እንደሆንክ ማንም አልነገረኝም ነበር» ብሎት ብራይስ ሄደ።

ከዚያ በዘጠነኛው ቀን፣ ኦዴል ጎማ ሊያስቀይር ጋራዥ ቆሞ ሳለ ስልኩ ጮኸ። አንዲት ሴት ስሙን አሳስታ «ኦዴን» ብላ ጠራችው። ኩባንያው እንዳሰናበተው፣ መልካም ዕድል እንደሚመኝለት ነገረችው። ሁለት ደቂቃ አልሞላም። በውሉ መሠረት ለዘጠና ቀን የትም መታገል አይችልም። «ቦይለር» የሚለውን ስምም ከእንግዲህ መጠቀም አይችልም፤ የኩባንያው ንብረት ነው። አባቱ ቆመውበት የሞቱበትን ሥራ፣ ስሙን በወረቀት የኛ ነው አሉ! ይሄን ስሰማ መቀሱን ግድግዳ ላይ ወረወርኩት፤ ምልክቱ አሁንም ሳይኖር አይቀርም።

በወሩ አንድ ካርቶን መጣልኝ። ስከፍተው ቀዩ ኮት ነው። አዲስ ለተጠራው ኮልቢ ለሚባል ልጅ አጥብቤ እንድልከው ታዟል። ታጥፎ፣ ታጥቦ፣ ከነጓንቱ።

ካርቶኑን ትሮመር ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። «ይሄን አልነካም።»

«ሮሳልባ፣ ጡረታሽ ሦስት ዓመት ነው የቀረው።»

«መቁጠር እችላለሁ።»

«አንቺ ባትሰፊው ሌላ ሰው ይሰፋዋል።»

«ይስፋ! እኔ ግን አልሰፋም። አንተም ደግሞ ሁለት ጊዜ ደወልኩ እያልክ አትኑር፤ ሦስተኛ ደውል!»

በዚያው ሳምንት ሥራዬን ለቀቅሁ። እሱ እንዳለውም ሌላ ሰው አጠበበው፤ ኮልቢ አራት ወር ለብሶት እሱም ተሰናበተ። የኔ እምቢታ ማንንም አላዳነም፤ ይሄን የምደብቅበት ምክንያት የለኝም።

ኦዴል ዘጠናውን ቀን ቆጥሮ ሲጨርስ ቤል ግሌድ ውስጥ አንድ ባዶ የአትክልት ማሸጊያ መጋዘን ተከራየ። ያገለገለ ሪንግ ገዝቶ ተከለበት። በወር ሁለት ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሁለት መቶ ወንበር፤ በአባቱ ስም፣ ኦዴል ብራንትሊ ተብሎ ይታገላል፤ በሌላው ቀን ያስተምራል። ሚስ ኧርሊን በር ላይ ተቀምጠው ትኬት ይቆርጣሉ፤ የሚሳደብ ተመልካች ካለ አጠገባቸው ያስቀምጡታል። እኔም መኪናዬን እየነዳሁ ሄጄ እሰፋለሁ።

ባለፈው ግንቦት፣ አንዱን ቁምጣ እየጠገንኩ እስከዚያ ያላልኩትን ነገር ለኦዴል አልኩት።

«እኔ ያቺን ክብ ቆብ ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል። አንተ ግን አንድ ቀን ስትናደድ አላየሁህም። ይቅር ብለሃቸው ነው?»

«ማነው ይቅር ያለው?» አለ። «ማታ ማታ ጥርሴን አፋጫለሁ ብላ ሚስቴ ትከሰኛለች። ግን እነዚህ ልጆች ቅዳሜ ሕዝብ ፊት ይወጣሉ፣ ግማሾቹ ገና መውደቅ አይችሉም።»

«እኔ አልተውኩትም» አልኩት።

«አይተዉት፣ ሚስ ሮሳልባ። ማን ‹ተዉት› አለዎት?»

ከዚያ ሪንጉ ላይ የሆነ ነገር አይቶ ፊቱን አዞረ፤ ያ የማይጮኸው ኦዴል በመጋዘኑ ሙሉ ጮኸ፦ «አገጭህን ወደ ደረትህ! አንገትህ ሊሰበር ነው! ተነስ፣ እንደገና!»