ሣጥኗ ዝም ያለችበት ከሰዓት

በፓርቲክል ፊዚክስ ማስተርሴን በጀመርኩበት ዓመት ቦሌ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም ተከራይቼ ብቻዬን እኖር ነበር። የመጀመሪያው ሴሚስተር ኮርሶች የግድ የሚወሰዱ ነበሩ። ለሁለተኛው ግን ከሁለት አንዱን መምረጥ ነበረብኝ፤ ወይ ከፍ ያለውን ቲዮሪ፣ ወይ የዲቴክተር ላብራቶሪ። ልቤ ቲዮሪው ላይ ነበር። አማካሪዬ ግን «በወረቀት ብቻ የምታውቂውን ነገር እስቲ አንዴ ስሚው» ብለው ከላብራቶሪ አንዲት ትንሽ የዲቴክተር ሣጥን አዋሱኝ። ከሰማይ የሚወርዱ፣ ጣሪያም ኮንክሪትም የማያግዳቸው፣ ዓይን የማያያቸው ቅንጣቶች በውስጧ ባለፉ ቁጥር ቀጭ ትላለች።

ቅዳሜ ከሰዓት መብራት ጠፍቶ ነበር። ሣጥኗ በባትሪ ስለምትሠራ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ የሁለቱን ኮርሶች ይዘት አነጻጽር ነበር። ቀጭ። ቀጭ ቀጭ። ደግሞ ቀጭ። በሬ ክፍት ስለነበር ጎረቤቴ ብቅ አሉ። ሰፈሩ እርሻ ሳለ እዚሁ ተወልደው እዚሁ የወለዱ፣ ፎቁ ሲሠራ አንድ ቤት ደርሷቸው የቀሩ አሮጊት ናቸው።

«ማነው የሚያንኳኳው ልጄ?»

«ሰው አይደለም እማማ። ከሰማይ የሚመጡ ናቸው። በእኛም ውስጥ ያልፋሉ።»

«አሁን?»

«አሁንም። ተኝተንም።»

እጃቸውን አንስተው መዳፋቸውን አዩት። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡና ወደ ሣጥኗ ጎንበስ ብለው፣ በትህትና፣ «እባካችሁ ትንሽ እረፉ» አሉ።

ሣጥኗ ዝም አለች።

መጀመሪያ ፈገግ አልኩ። የቅንጣቶቹ አመጣጥ ሥርዓት የለውም፤ አንዳንዴ ይከታተላሉ፣ አንዳንዴ ይዘገያሉ። ዝምታው ግን ረዘመ። ከቦሌ የተነሳ አውሮፕላን በላያችን አልፎ ድምፁ እስኪጠፋ አንድም ቀጭታ አልተሰማም። ባትሪዋን ነካካሁ፤ ትንሿ መብራቷ በርታለች። እሳቸው ምንም አልመሰላቸውም፤ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው፣ አንገታቸውን ደፋ አድርገው ተቀምጠዋል። ሰዓቴን ተመለከትኩ።

በመጨረሻ ተነሱ። «እግዜር ይስጥልኝ» አሉ፤ ለእኔ ይሁን ለሌላ አላወቅሁም። ነጠላቸው ከበሩ ዞር ሲል፣ ቀጭ።

ሰኞ ሣጥኗን ስመልስ የላብራቶሪው ቴክኒሻን ፈታትቶ አያት። «ምንም አልሆነችም» አለኝ። ለአማካሪዬ ላብራቶሪውን መምረጤን ብቻ ነገርኳቸው።

«ሐሳብሽን ምን አስለወጠሽ?»

«ዝምታውን መለካት ፈልጌ ነው።»

ሳቁ።

ኮርሱን ወሰድኩ፤ ውጤቴም ጥሩ ነበር። ሴሚስተሩን ሙሉ በአንዱ ቀጭታና በሚቀጥለው መካከል ያለውን ጊዜ ስለካ ከረምኩ፤ የዚያን ቀኑን የሚያህል ዝምታ ግን አላጋጠመኝም። አሮጊቷ ደህና ናቸው። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ጉንጬን ይስሙኛል። «ይግቡ እንጂ እማማ» ስላቸው ግን የበሩ ደፍ ላይ ቆመው፣ በትከሻዬ በኩል ወደ ባዶው ቤቴ አሻግረው ያዩና «ሌላ ጊዜ ልጄ፣ እንግዳ አለብሽ» ይሉኛል።