ለቅሶ ቤት የመጣችው ጠርሙስ

ታላቅ እህቴን በቀበርን ማግስት መምህሯ ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ከጎጃም መጥቶ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ሰው ነው። ፈሳሽ የሞላባት ትንሽ ጠርሙስ አጋድሞ ይዞ በጣቶቹ ቀስ እያለ ያሽከረክራል። ሲያለቅስም ማሽከርከሩን አልተወም። ለቀስተኛው እርስ በርሱ ተያየ።

ወደ ጥግ ወሰደኝና "ይቅርታ፣ የከተማው መብራት ጠፋ፤ የጀነሬተሩም ነዳጅ አልቋል" አለኝ። "ይህቺ የእህትህ ናት።"

ውስጧ እህቴ የምታሳድጋቸው የሽመል፣ የቆላው ቀርከሃ፣ ሴሎች ነበሩ። ጠርሙሷ ማሽን ላይ ሆና ቀን ከሌት በዝግታ ትዞራለች። ስትዞር ሴሎቹ ወደ ታች አይወርዱም፤ ክብደት እንደሌላቸው ተንሳፍፈው ያድጋሉ። ጠፈር ላይ ያሉ ያህል ማለት ነው። እኔ ትምህርቴን ሁለተኛ ደረጃ ላይ ነው ያቆምኩት። እህቴ ይህን ደጋግማ አስረድታኛለች፤ እኔም ደጋግሜ ገባኝ ብያታለሁ። መዞሯ ከቆመ ሴሎቹ ታች ተከማችተው ይታፈናሉ። በኃይል ከተናጠች ደግሞ ይሰባበራሉ። ሌላ ጠርሙስ የለም። ከእህቴ ሥራ የቀረው ይኸው ነው።

መምህሩ እጁ ሲዝል ተቀበልኩት። እኔም ሲደክመኝ ከመንጌ የመጣችው አክስቴ "አምጣ" አለችኝ። ሰጠኋት። አክስቴ ወርቅ አጣቢ ናት። ጠርሙሷን አቁማ ወርቅ እንደምታጥብበት ገበቴ ወዘወዘቻት።

"እማማ፣ ይተዉ፣ ይተዉ" አለ መምህሩ።

"ምን ሆንክ? ካልወዘወዝኩት ከባዱ እንዴት ይወርዳል?"

"እኛ የምንፈልገው እንዳይወርድ ነው።"

"እንዳይወርድ?" አክስቴ አዘነችለት። "ታዲያ ምን ልታገኝ ነው፣ ልጄ?"

ለቀስተኛው ሳቁን በመዳፉ ሸፈነ። ከቀብር ጀምሮ ቃል ያልወጣው አባቴ ግን እጁን ዘረጋ። ጠርሙሷን ተቀብሎ አጋደማትና ማዞር ጀመረ። በጣም ቀስ ብሎ። ጎረቤታችን ልተካህ ቢለው "አንተ ባጃጅህን ንዳ" አለው።

መብራት ሲመጣ መምህሩ ፈራ ተባ እያለ ጠርሙሷን ጠየቀ። አባቴ አልሰማ ብሎ ትንሽ አዞራት። ከዚያ ሰጠው።

በማግስቱ መምህሩ ደወለልኝ። ሴሎቹን በማይክሮስኮፕ አይቷቸዋል። የተሰባበሩ አሉ፤ የሚበዙት ግን በሕይወት አሉ። ለአባቴ ነገርኩት። አሁን ማን እያዞራት እንደሆነ ጠየቀኝ።

"ማሽኑ" አልኩት።

"ማሽንም ይደክመዋል" አለ። "ሲደክመው ወደዚህ ያምጣት በለው።"