በቀይ ክር የተሰፋው ሰማንያ ሰባተኛ

«ክንፉ መዳብ፣ ልቡ ወርቅ፣
ጥሩት ይምጣልን ከሩቅ…»

ሦስተኛው ስንኝ ለኦብዱሊያ አይመጣላትም። እዚያ ስትደርስ ከንፈሯን ገጥማ ዜማውን ብቻ ታንጎራጉራለች። ቃሉ ከስልሳ ዓመት በፊት በሬዲዮ የተዘፈነ ነውና ነፋስ ወስዶታል። በዚያ እሑድ ጠዋት፣ ቁርስ ሳትቀምስ፣ ቦርሳዋን በብብቷ ሸጉጣ፣ በሜክሲኮ ከተማ ወደ ላጉኒያ ገበያ ስትገሰግስ ያንኑ ታንጎራጉር ነበር። ልቧ እንደ ሙሽራ ልብ ይደልቃል። ሰማንያ ሰባተኛው ቅጽ ተገኝቷል ተብላለች።

አባቷ ዶን ካሲሚሮ በሠፈሩ ማዕዘን፣ በሁለት እንጨት መካከል ገመድ ወጥሮ የሥዕል መጽሔት የሚያከራይ ሰው ነበር። መጽሔቶቹ እንደ ታጠበ ልብስ በመቆንጠጫ ተይዘው ይንጠለጠላሉ፤ ከሥራቸው ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። ልጅ ሳንቲሙን ይሰጣል፣ እጁን ይታጠባል፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ያነብባል፣ ይመልሳል። ይዞ መሄድ የለም። ከሁሉ የሚሻሙበት «የመዳብ ክንፍ» ነበር፤ ጭምብል አጥልቆ በጣራ ላይ እየበረረ ለድሃ የሚደርስ ጀግና። ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሽቦው ይረግፋል፣ ገጹ ይላቀቃል። ስለዚህ አዲስ ቅጽ በመጣ ቁጥር የስምንት ዓመቷ ኦብዱሊያ ጀርባውን በቀይ ክር ትሰፋዋለች። ሰባት ቀዳዳ። አራተኛው ሁልጊዜ ወደ ግራ ያፈነግጣል፤ እዚያ ላይ ሲደርስ ጣቷ ይደክማል።

ሰፊዋ እሷ፣ አንባቢው ሌላ። «ደንበኛ ይቅደም» ይላል አባቷ። ሰማንያ ሰባተኛው፣ ጀግናው ጭምብሉን የሚያወልቅበት፣ ገመዱ ላይ ለአንድ ሰዓት እንኳ አልዋለም። ስትሰፋው ልጆቹ ከበላይዋ ቆመው «ቶሎ በይ እንጂ!» እያሉ ስላጣደፏት አንድ ገጽ አልገለጠችም። ያነበቡት ሁሉ ፊቱን ነገሯት። የዳቦ ጋጋሪው ልጅ «ጉንጩ ላይ ጠባሳ አለው» አለች። ሌላው «ዓይኑ አረንጓዴ ነው» ብሎ ማለ። ወንድሟ ናቦር ደግሞ «አባባን ነው የሚመስለው፣ ቁርጥ አባባን!» ብሎ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛም። ተራዋን ስትጠብቅ አባቷ ሳንባውን ታመመ። ገመዱ ወረደ፤ መጽሔቱም ሁሉ ተሽጦ ባንድ ጋሪ ተጭኖ ሄደ።

ይህች ሴት ዕድሜዋን የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ ኖራለች። ልጆች ድራለች፤ ባሏንም ናቦርንም ቀብራለች። አርባ ዓመት ሙሉ ደግሞ እሑድ እሑድ የአባቷን ገመድ መጽሔቶች ከገበያው መሬት ላይ ስትለቅም ከረመች። ሌሎቹ ሰብሳቢዎች የሰው እጅ ያልነካውን ይፈልጋሉ፤ እሷ ሺህ እጅ የነካውን። እነሱ በማጉሊያ መስታወት እድፍ ያስሳሉ፤ እሷ በአውራ ጣቷ ጀርባውን ትዳብሳለች። በፊት ይስቁባት ነበር። በኋላ ግን ያ ሳቅ ሟሟ፣ ቀይ ስፌት ያየ ነጋዴ ሁሉ በአክብሮት «የዶኛ ነው፣ የእመቤቲቱ» እያለ ለይቶ ያስቀምጥላት ጀመር። ገመዱ ላይ ከዋሉት ሰማንያ ሰባት ቅጾች ሰማንያ ስድስቱ ቤቷ ገቡ። አንዱ ብቻ ቀረ።

ያንን አንዱን ያገኘው ዶን ግራሲያኖ ነው፤ ሆዱ ከሱ ቀድሞ የሚደርስ፣ ሳቂታ ሻጭ።

«ዶኛ ኦብዱሊያ! በሩጫ? ዕድሜዎ ወደ ኋላ ነው እንዴ የሚቆጥረው?»

«ወሬህን ተውና አምጣ! አንተ ስትለፈልፍ እኔ ልሞት ነው።»

«ሳያዩትማ አይሞቱም። በሉ ዓይንዎን ይጨፍኑ።»

«በዚህ ዕድሜዬ ከጨፈንኩማ ቄስ ትጠሩብኛላችሁ!»

ጎረቤት ሻጮች ሳቁ። ግራሲያኖም በሁለት እጁ፣ ሕፃን እንደሚያቅፍ ሰው፣ መጽሔቱን አስረከባት። በሚያንጸባርቅ ላስቲክ ተጠቅልሏል። ወረቀቱ ጸድቷል፣ ጠርዙ ተቃንቷል፤ ጀርባው ላይ ሁለት አዲስ ሽቦ ያበራል።

«ቀይ ክርዎን አይቼ አረጋገጥኩ» አለ በኩራት። «ከዚያ፣ የመጨረሻው ነውና ንጉሥ ይምሰል ብዬ ሦስት ቀን ደከምኩበት። እድፉን በዳቦ ፍርፋሪ አነሣሁ፣ እንደ አዲስ አደረግኩልዎት!»

«ክሩስ?»

«ያ ብጥስጥሱ? እሱማ ነቅዬ ጣልኩት።»

የግራሲያኖ ፈገግታ በገዛ ፊቱ ላይ መድረሻ አጣ። ለአንድ ሻጭ ወዳጁን የሚያከብርበት ከዚህ የበለጠ መንገድ የለም፤ ንጹሑን ይሰጠዋል። የአንዲትን ልጅ እጅ ከወረቀቱ ላይ መንቀሉን ያወቀው ዓይኗን ሲያይ ነው። ጆሮው ቀላ።

ኦብዱሊያ ግን ላስቲኩን ቀደደችና ጀርባው ላይ የቀሩትን ቀዳዳዎች ዳበሰች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራተኛው ወደ ግራ። ፊቷ በራ። ከቦርሳዋ መርፌና ቀይ ክር አወጣች፤ ያለ እነሱ ከቤት ወጥታ አታውቅም።

«ምን ሊያደርጉ ነው?» ብሎ ጮኸ በአጠገቡ የቆመ ቀጭን ሰብሳቢ። «ይህን የመሰለ ንጹሕ ሰማንያ ሰባተኛ እኮ በአገሩ የለም! በመርፌ ሊያበላሹት?»

«ልጄ፣ አትድከም። ገና በስምንት ዓመቴ አበላሽቼዋለሁ።»

ሽቦውን ነቅላ እዚያው ቆማ ሰፋችው። የሰባ አንድ ዓመት እጇ ቀጥ ብሎ መሄድ ይችል ነበር፤ አራተኛው ላይ ሲደርስ ግን ወደ ግራ ዞር አለላት፣ ለዚያች ለደከማት ልጅ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ ዶኛ» አለ ግራሲያኖ።

«ጫፉን ያዝልኝ። ጠበቅ አድርግ እንጂ፣ የአህያ ጅራት ነው እንዴ! ለመሆኑ አንብበኸዋል?»

«ሦስት ቀን አጸዳሁት እንጂ… አላነበብኩትም።»

«እኔም እንዳንተው ነኝ» ብላ ሳቀች፤ ገለጠችውም። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ፣ በአባቷ አግዳሚ ላይ ማንበብ ለማይችሉት ይነበብ እንደነበረው፣ ጮክ ብላ አነበበች። ሻጩም ሰብሳቢውም አንገታቸውን አስግገው ሰሙ። የመጨረሻውን ገጽ ገልጣ ወደ ዓይኗ አቀረበችው።

«እህስ? ፊቱስ?» አለ ግራሲያኖ።

ጀግናው ጭምብሉን በእጁ ይዟል። ጀርባው ወደ አንባቢው ነው። በሩ ላይ የቆመች እናቱ ብቻ ታየዋለች።

«የለም» አለች ኦብዱሊያ። «ፊት የሚባል የለውም።» ከዚያ ሳቋ ፈነዳ፣ እንባዋም አብሮ። «ውሸታሞች! ጠባሳ አለው ስትለኝ፣ አረንጓዴ ዓይን ሲለኝ… ወይኔ ናቦር፣ ወንድሜ! አባባን ከየት አምጥተህ አየኸው?»

ጣቷን የጀግናው ማጅራት ላይ አሳረፈች። ትከሻው ሰፊ ነው፤ ትንሽ ጎበጥ ብሏል፣ ቀኑን ሙሉ ገመድ ሲያወርድና ሲሰቅል እንደዋለ ሰው። ናቦር እውነቱን ነበር።

ፀሐይ ከአናት አልፏል። ግራሲያኖ የራሱን በርጩማ በእጅጌው ጠርጎ ከምግብ ሻጯ ጠረጴዛ አጠገብ አኖረላት፤ በበቆሎና በአሳማ ሥጋ የተሠራ ትኩስ ፖሶሌም አዘዘ። «ለኔ አታብዢው፣ ለሷ ሙዪላት» አለ። ኦብዱሊያ መጽሔቱን በሻርፗ ጠቀለለች፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ሎሚውን ጨመቀችበት፣ ቁንዶ በርበሬውንም ነሰነሰች። ከዚያም ቁጭ ብላ በላች።